ከሱቁ በላይ ያለው ቤት

አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ፒያሳን ሳላይ አልመለስም። ዘንድሮ ግን ቡናውንም ወርቅ ቤቶቹንም ትቼ ዐይኔን ከሱቆቹ በላይ ጣልኩ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ሆነው የተሠሩ የድሮ ፎቅ ቤቶች አሁንም እዚህም እዚያም አሉ።

ቦታውን የመረጠላቸው ገበያው ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ ትልቁ የአራዳ ገበያ የነበረው ጊዮርጊስ ሥር ነው። ሕንዱም፣ አርመኑም፣ ግሪኩም ነጋዴ ገበያውን ተጠግቶ ሠራ። የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ነጋዴ ከሸቀጡ ርቆ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ታችኛውን ለንግድ፣ ላይኛውን ለቤተሰብ አደረጉት።

አንዱ ቤት ውስጥ የመግባት ዕድል አገኘሁ። ታች ጨርቅ የሚሸጡት አዛውንት ናቸው። «አባባ፣ ፎቁን ቢያሳዩኝ?» ስላቸው ሜትራቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «በዚህ አይወጣም ልጄ፣ በጓሮ ዙሪ» አሉኝ። የቤቱ አሠራር የገባኝ ያኔ ነው። ከሱቁ ወደ ፎቁ የሚያወጣ ደረጃ የለም። ደንበኛ በመንገዱ በኩል ገብቶ በዚያው ይወጣል፤ የቤቱ ሰው በጓሮ በር ገብቶ በውጭው የእንጨት ደረጃ ይወጣል። ንግዱና ጓዳው አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አይነካኩም። በጣም ወደድኩት።

የደረጃው ሳንቃ መሀል መሀሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ላይ ስንደርስ በረንዳው ቤቱን በሁለት ጎን ይዞራል፤ ቋሚዎቹ ጠርብ እንጨት፣ መከለያው ደግሞ በመጋዝ እየተፈለፈለ እንደ ጥልፍ የተሠራ ጣውላ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ጣይቱ ሆቴል ሄዶ የእንጨት ሥራውን ያየ ሰው ዘመኑን ይለየዋል። በረንዳው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የክረምቱን ዝናብ ከግድግዳው ያርቃል። ለምን እንደሚያስፈልግ ልስኑ የወደቀበት ጥግ ላይ በደንብ ይታያል። ታችኛው ግድግዳ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ከፎቁ ጀምሮ ግን ቋሚና ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ ነው፤ ጭዱን በጣቴ ነካሁት፣ አሁንም ጠንካራ ነው። ድንጋዩ ሸቀጡን ከሌባ ይጠብቃል፤ ቀለል ያለው ጭቃ ደግሞ የታችኛውን ግድግዳ አይጫነውም። ውሃ ከገባበት ግን አለቀለት።

ኮርኒሱ ተወጥሮ በኖራ የተቀባ አቡጀዲ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተሠሩት ቤቶች ቆርቆሮው የመጨረሻውን መንገድ የመጣው በእንስሳ ጀርባ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ እንዲህ ያሉ ቤቶች የመንግሥትና የቀበሌ ሆኑ። የዚህኛውም ፎቅ ሳሎን በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ብዙ ቤተሰብ ይኖርበታል። «ቆርቆሮውን የማስደፍነው እኔ ነኝ» አሉ አዛውንቱ፣ «ከላይ ካፈሰሰ ጨርቄ ላይ ነው የሚወርደው።» ታዲያ ቤቱን እዚህ ያደረሰው ሱቁ ነው ብል ተሳሳትኩ?

ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ፈርሷል። የቀሩት ሲታደሱ የመንገዱን ፊት ቀብቶ የጓሮውን ደረጃና በረንዳ ማፍረስ ቤቱን እንዳለ ማፍረስ ነው፤ ባለሱቁን አስወጥቶ ባዶ ቅርስ ማድረግም እንዲሁ። ደግሞ እባካችሁ፣ የጭቃው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አይለሰን። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ማገሩን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የሚስማማው የድሮው ጭቃና ኖራ ነው።