ፍሪጁ ዝም ያለ ጊዜ

ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያንን ፊልም ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ከእህቴ ጋር፣ ዛሬ ደግሞ ጓደኞቼን ሰብስቤ። በየጊዜው ሌላ ፊልም ያየሁ ያህል ነው የሚሰማኝ። ሐሳቤ ሳይበተንብኝ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ሰባት ዓመት በትዳር የኖሩ ሁለት ሰዎች ለመለያየት ተስማምተዋል፤ እሱ የሚገባበት ቤት እስኪያገኝ ግን እዚያው አብረው ይቆያሉ። ሁለት ተዋንያን፣ አንድ ቤት፣ አንድ ካሜራ። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም። ዳይሬክተሩ ከየትዕይንቱ በፊት ለእያንዳንዳቸው ለብቻ ምን እንደሚፈልጉና ምን እንደሚደብቁ ይነግራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ከአፋቸው የሚወጣው ሁሉ የራሳቸው ነው። ገንዘብ እንዳልነበረ ያስታውቃል። ማታ በተቀረጹት ትዕይንቶች ፊታቸውን ጨለማ ይውጠውና ድምፃቸው ብቻ ይቀራል፤ ሳሎን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የካሜራ ማኑ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲያልፍ አይቻለሁ።

ዛሬ ሲያልቅ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተነፈሰም፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ መናገር ጀመሩ። አንዱ ጓደኛዬ ተቆጥቶ ነበር፣ በእውነት ተቆጥቶ። «መጻፍ ያቃተው ሰው ሥራውን ተዋንያኑ ላይ ጥሎ ነው የሄደው» አለ። አንዷ ደግሞ ጉልበቷን አቅፋ፣ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላም ዓይኗን ሳትነቅል ቆየችና «እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ኖሬያለሁ» አለች። ከዚያ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ፊልም ያዩ አይመስሉም ነበር።

እንዲህ ዓይነት ፊልም ሰውን ሲከፍል ሁልጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ አንድ ነው፦ የደረሰበት ይወደዋል፣ ያልደረሰበት ይሰለቸዋል። እኔም ባለፈው ሳምንት እንደዚያ ብዬ አስቤ ነበር። አሁን ግን ያ ማብራሪያ ልክ አይደለም ብቻ ሳይሆን ሰው ያስቀይማል እላለሁ። ምክንያቱም ፊልሙን ከሁላችንም አብልጣ የጠላችው እህቴ ናት፤ እህቴ ደግሞ ከባሏ ከተለያየች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

አብረን ስናየው ግማሽ ላይ ስትደርስ ትራስ አቅፋ ወደ ኋላዋ ተደገፈች። «ለምን ይጮሃሉ?» አለችኝ። «እኔ ያን ሁሉ ወር አንድ ቀን ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። እሱም አላደረገም። ቢጮህ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።»

መልስ አጣሁ። ዛሬ ሳየው ግን በእሷ ጆሮ ነው የሰማሁት። ስድስት የጠብ ትዕይንት አለ፤ ከስድስቱ አራቱ በጩኸት ነው የሚያልቁት። አራቱም ላይ ጩኸቱ የሚጀምረው ተዋንያኑ የሚሉት ሲያልቅባቸው ነው። መጀመሪያ አንዱ የሌላውን ቃል ይደግማል፦ «ደከመኝ።» «ደከመኝ ማለት ምን ማለት ነው?» «ደከመኝ ማለት ደከመኝ ነዋ!» ከዚያ ድምፅ ከፍ ይላል፣ በር ይጋጫል። ሳይዘጋጅ ለሚተውን ሰው ቁጣ ቅርብ ነው። እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። እህቴ የሰለቻት ሕይወቷ ስላልታየበት አይደለም፤ ሕይወቷን ጠንቅቃ ስለምታውቀው የተዋንያኑ ኪስ ባዶ የሆነበትን ቅጽበት ከሁላችንም ቀድማ ሰማችው።

ይህን ቀድሜ ብሰማት ኖሮ ብዬ አዘንኩ። ያን ቀን «ገና ቁስልሽ ስላልዳነ ይሆናል» ብያት ነበር። ልክ አልነበረም። ነገ ጠዋት እደውልላታለሁ።

ማክሰኞ

ስለ ወጥ ቤቱ ትዕይንት መጻፍ አለብኝ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

ዕቃ እየተካፈሉ ነው። እሱ ቆሞ ብርጭቆ በጋዜጣ ይጠቀልላል፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ የማንኛው የማን እንደሆነ ትነግረዋለች። ከጀርባ ፍሪጅ ያጉረመርማል፤ ከትዕይንቱ መጀመሪያ ጀምሮ አለ፣ ጆሮ ለምዶት ትቶታል። «ብርድ ልብሱን ትወስደዋለህ?» ትለዋለች። «የትኛውን?» ይላል። ልክ እዚያ ላይ ፍሪጁ ይጠፋል። የፍሪጅ ሞተር እንደሚያደርገው አንዴ ነቅነቅ ብሎ ዝም። ሁለቱም ቀና ይላሉ። ክፍሉ ድንገት የሰፋ ይመስላል። እሱ የያዘውን ብርጭቆ፣ የተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። እሷ በአፍንጫዋ ትንሽ ትስቃለች፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗ ይሞላል። አስራ አንድ ሰከንድ ያህል ማንም አይናገርም፤ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ እሱ «ግራጫውን» ይላል።

የተቆጣው ጓደኛዬ ሥራው ድምፅ መቅዳት ነው። ይህን ትዕይንት ሳወድስለት ግንባሩን ያዘ። ቀረጻ ቤት ውስጥ ሲሆን መጀመሪያ የሚደረገው ፍሪጁን መንቀል ነው፤ ሥራው ሲያልቅ መልሶ መሰካቱ እንዳይረሳ የመኪና ቁልፋቸውን ፍሪጁ ውስጥ የሚያስቀምጡ የድምፅ ባለሙያዎች አሉ፤ ቁልፉን ሳያወጡ ወደ ቤት መሄድ አይችሉማ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማጉረምረሙ ካለ አንዱን ቅጂ ከሌላው ጋር ስትቀጥይ ድምፁ ይዘላል። «እነዚህ ሰዎች ያንን እንኳ አላደረጉም። አንቺ ቸልተኝነትን ነው ጥበብ የምትይው» አለኝ።

ቀጥሎ የነገረኝ የበለጠ ነካኝ። ያልተጻፈ ንግግር ሲቀረጽ ተዋናይ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል አይናገርም፤ በአንዱ ቅጂ ጠጥቶ የጨረሰው ብርጭቆ በሌላው ሙሉ ይሆናል። ስለዚህ አቅም ያላቸው ሁለት ካሜራ አቁመው ሁለቱንም ፊት ባንዴ ይቀርጻሉ። አንድ ካሜራ ብቻ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀረው አማራጭ ትዕይንቱን ሳይቆርጥ እንዳለ መተው ነው። እኔ እኮ ያን ርዝመት ድፍረት ነው ብዬ ነበር የወደድኩት። ድህነት ኖሯል። አንድ ሙሉ ሰዓት ያህል የተታለልኩ መሰለኝ።

ከዚያ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ፍሪጁ የጠፋው በአጋጣሚ ነው፣ እሺ። ሁለቱ ተዋንያን ግን ሰሙት። የተጠና ቃል ይዘው ቢሆን ኖሮ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ያልፉ ነበር፤ እነሱ ዝምታውን ተቀብለው ውስጡ ቆዩ። ዳይሬክተሩም በኤዲቲንግ ጊዜ አላወጣውም። አጋጣሚን ማስቀረትም መምረጥ ነው። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ያን አንዱን እሰጥሻለሁ፤ የቀረውን ግን ለምን አልመረጠም?» አለ። ለዚህ መልስ የለኝም። ልክ ነው። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ መውጣት ነበረበት።

እንዲህ ዓይነት ክርክር አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆን ካሳቬትስ «ሻዶውስ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1958 ለሰው አሳይቶ ስላልረካ ብዙውን እንደገና ቀርጾ በ1959 ሌላ ቅጂ አወጣ። ዮናስ ሜካስ የተባለው ሃያሲ የመጀመሪያውን ቅጂ አወድሶ፣ እሱ የሚያዘጋጀው መጽሔትም ሽልማት ሰጥቶት ነበር፤ ሁለተኛውን ሲያይ ግን ነፃነቱ ጠፍቷል ብሎ በአደባባይ ተቃወመው። ካሳቬትስ በበኩሉ የተሻለው ሁለተኛው ነው ብሎ ጸና። የሚገርመኝ፣ ይኸው ሁለተኛው ቅጂ «ያያችሁት ፊልም ያለ ጽሑፍ የተፈጠረ ነው» በሚል ጽሑፍ ነው የሚያልቀው፤ ከውስጡ ብዙው ግን ተጽፎ የተቀረጸ ነበር። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ማይክ ሊ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ተዋንያኑን ለወራት ያለ ጽሑፍ ያለማምዳል፣ ካሜራ ሲመጣ ግን ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ተለይቶ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በካን የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ ያገኘው «ሲክሬትስ ኤንድ ላይስ» የተሠራው እንደዚያ ነው። ወራት ማለት ግን ገንዘብ ነው። የእኛው ዳይሬክተር ወራት ቢኖረው ኖሮ ከአራቱ ጩኸቶች ሦስቱ በልምምድ ላይ ይሞቱ ነበር፤ ተዋንያኑ ቁጣውን ጨርሰው ከሥሩ ያለውን ያገኙት ነበር። ይህን ሳስብ ለፊልሙ አዝናለሁ። ድክመቱን ይቅር ማለቴ አይደለም፣ ከየት እንደመጣ ስላየሁ ነው።

ሐሙስ

እህቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ስለ ፊልም ነው እንዴ?» አለች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ «ደህና አደረግሽ» አለች።

ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሳየው ያለቀስኩት በብርድ ልብሱ አይደለም። አብሬው እኖር የነበረው ሰው ጥሎኝ የሄደ ቀን የመጨረሻ ንግግራችን ስለ ስልክ ቻርጀር ነበር። «ቻርጀሬን አይተሻል?» አለኝ። አላየሁም። አብረን ፈለግን፣ አልጋ ሥር በደረታችን ተኝተን፣ እኔ በአንዱ በኩል እሱ በሌላው፣ በስልኬ መብራት። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። አልጋው ሥር ፊቱን አየሁት፣ አቧራ ግንባሩ ላይ ነበር። ልጠርግለት እጄን ልዘረጋ ስል «አገኘሁት» አለና ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ስንት ፊልም አይቻለሁ፤ መለያየት በሁሉም ላይ በሚያምር ቃል ነው የሚነገረው። «ግራጫውን» የሚል ሰው ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ረጅም ነው፣ ግማሹ ጆሮ ያደክማል፣ ድምፁም መብራቱም ተበላሽቷል፣ ጓደኛዬም እህቴም የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ያቺን አስራ አንድ ሰከንድ ግን ለማንም አልሰጥም።

እማዬ ስለ ፊልሙ ስናወራ ሰምታ «እኔም ልየው» ብላለች። አርባ ዓመት በትዳር ኖራለች። ቅዳሜ አብረን ልናየው ነው። ወጥ ቤቱ ጋ ሲደርስ እሷን ነው የማየው፤ ስለ ፍሪጁ ምንም አልነገርኳትም።