የአያቴ ስም ላይ ያለችው እዝባር

አያቴ የስለት ልጅ ናቸው። እናታቸው ቁልቢ ገብርኤል ተስለው ስላገኟቸው ወልደገብርኤል ተባሉ። ቤታችን ውስጥ ይህ ታሪክ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ይነገራል። እኔ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስማቸውን ጨርሼ ጽፌ አላውቅም ነበር። ደብተሬ ላይ፣ መታወቂያዬ ላይ፣ ዲፕሎማዬ ላይ ወ/ገብርኤል ነው። በእንግሊዝኛም ያው ነው፤ ደብልዩ፣ እዝባር፣ ገብርኤል። ገ/ማርያም ወይም ኃ/ሚካኤል የሚባል አያት ያለው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል።

አምና እህቴ ዱባይ ወለደች። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት አራስ ጥየቃው በእኔ ላይ ወደቀ። ፓስፖርት አወጣሁ፤ ቪዛውን እህቴ እዚያው ጨረሰችልኝ። የቀረው ትኬት ነበር። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወዳለ አንድ ትኬት ቢሮ ስሄድ ፓስፖርቴን ቤት ረሳሁት። ልጅቷ ወረቀት ሰጠችኝና ስሜን እንደለመድኩት ጻፍኩላት።

ትኬቱ በቴሌግራም መጣ። ስሜ የሚጀምረው በደብልዩ ነው፤ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ ገብርኤል። ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን የጻፍኩት ስም ነዋ!

በሦስተኛው ቀን ሳቢያን ሻይ እየጠጣን አየር ማረፊያ ለሚሠራ ጓደኛዬ አሳየሁት። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና፣ «አቦ፣ ይሄ ደብልዩ የሚባል አያት ከየት አመጣህ?» አለኝ።

ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው። እኛ ጋ እዝባር ማሳጠሪያ ናት። ትኬት ላይ ግን አጥር ናት። ከአጥሯ በስተግራ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ በስተቀኝ ያለው የተሳፋሪው የራሱ ስም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የቤተሰቡ ስም «ደብልዩ»፣ የራሱ ስም «ገብርኤል» የሆነ ሌላ ሰው ነው። ፓስፖርቱና ቪዛው ደግሞ ወልደገብርኤል ይላሉ። ሻይው አልወርድ አለኝ።

ማታ ፓስፖርቴን አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አነበብኩት። ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ እዚያ የሚፈቅደው ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን ፊደላት፣ ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮችና የቀስት ጫፍ የምትመስል አንዲት መሙያ ምልክት ብቻ ነው። እዝባር የለም፤ ነጥብም የለም። የእኔ ላይ ከስሞቹ መጀመሪያ የአያቴ ስም አለ። ከዚያ ሁለት ቀስት፣ ከዚያ የእኔ ስም፣ አንድ ቀስት፣ የአባቴ ስም። የአያቴን ስም በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩት። 12 ፊደል፣ አንድም ሳይጎድል፣ ሳይከፈል። እነዚያን ሁለት መስመሮች ፎቶ አንስቼ አደርኩ።

ጠዋት ወደ ትኬት ቢሮው ሄድኩ። ትኬት በተቆረጠበት ዕለት ስህተት ከተገኘ መሰረዙ ብዙ ጊዜ ይቀላል። እኔ ግን ቀኑን አሳልፌዋለሁ። እንደ አዲስ ተቆረጠና ቅጣት ከፈልኩ። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የሰጠኋትን ነው የጻፈችው። ዛሬ ማንም ሰው ትኬት ሲቆርጥ ስሙን በቃል እንዳይነግር፣ በወረቀትም እንዳይጽፍ እለምናለሁ። የፓስፖርቱን ፎቶ ይስጥ፤ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊትም ከአጥሯ ግራና ቀኝ ያለውን ያንብብ። ቪዛም ሲሞላ ያው ነው።

አዲሱ ትኬት ሲመጣ ሌላ ድንጋጤ ነበር። ከእዝባሯ በኋላ የእኔና የአባቴ ስም ተጣብቀዋል፤ መጨረሻቸው ላይ ደግሞ «ሚስተር» የሚለው ምህጻረ ቃል ተለጥፏል። ልጅቷ ሳቀችና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ እንኳን አያሳስብህ፤ የሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚወጣው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፊደሎቹ እስካልተለወጡ ድረስ ክፍት ቦታ መጥፋቱ የተለመደ ነው።

መጋላ ያሉ ጎረቤቶቻችን ችግራቸው ሌላ ነው። ነዒማ ወይም ሰዓዳ የሚል ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ለ«ዒ» እና ለ«ዓ» ድምፅ መሃሉ ላይ ከላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ጭረት (አፖስትሮፍ) ጣል ይደረግበታል። በኢንተርኔት የሚሞላ ፎርም ብዙ ጊዜ ይህችን ጭረት ሲያይ በቀይ ጽሑፍ ይመልሳል። ያኔ ብዙ ሰው በጭረቷ ምትክ ክፍት ቦታ ይተዋል። አንዱ ስም ሁለት ሆነ ማለት ነው። በፓስፖርቱ የማሽን መስመር ላይ ግን ጭረቷ ትወጣና ፊደሎቹ ይገጥማሉ። ፎርሙም ላይ እንደዚያው መግጠም ነው።

የበረራው ቀን ከድሬዳዋ ተነስቼ ቦሌ ገባሁ። መሳፈሪያ ካርድ የምትሰጠው ሴት ፓስፖርቱን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ካርዱን አወጣች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ለእኔ ግን ረጅም ነበር።

ዱባይ የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን አስረክቤ ሕፃኗን ታቀፍኩ። በአራተኛው ቀን የእህቴ ባል ለሕፃኗ ፓስፖርት ፎርም ሊሞላ ተቀመጠ። የአባቱ ስም ገብረመድኅን ነው። ጂ ብሎ ጀመረና እዝባሯን ሊያሰምር ሲል እጁን ያዝኩት።

«ጨርሰው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለ፣ የአባቱን ስም ጨረሰው።