የሞተር ቁጥሩና ሊብሬው

ከአባቴ የወረስኳትን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ይዤ በደብረ ማርቆስ ከተማ ስዘዋወር «ለዚህች መኪና ዛሬም ቦሎ ይሰጣሉ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ይሰጣሉ፤ ቦሎ ዓመታዊውን ምርመራ ላለፈ መኪና የሚሰጠው ምልክት ነው። በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 681 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ እኔንም እስካሁን ያስቸገረኝ የመኪናዋ ዕድሜ ሳይሆን የወረቀቷ ጉዳይ ነው።

የቴክኒኩን ምርመራ አልፈራውም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው፣ የፍሬን ሸራ ሲግል መያዝ እንደሚያቅተው ስለሚያውቅ፣ ፍሬኑን፣ የመሪውን ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ) እና ጎማውን መርማሪ ሳያዘው አስቀድሞ ያስፈትሻል። መብራትና ፍሬቻም በአንድ ቀን ይስተካከላሉ።

የሚከብደው ሞተር መቀየር ነው። አሮጌ መኪና ውሎ አድሮ ሞተር መለወጡ አይቀርም፤ ሊብሬው (የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ግን የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ስለሚይዝ፣ በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ከሰነዱ ጋር ካልገጠመ መርማሪው መኪናዋ የማን እንደሆነች ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አባቴ ሞተሩን ያስቀየሩት ከማረፋቸው ሁለት ዓመት በፊት ሲሆን፣ የሸጠላቸው ነጋዴ ደረሰኝም ሆነ ሞተሩ ቀረጥ ተከፍሎበት መግባቱን የሚያሳይ ዲክላራሲዮን አልሰጣቸውም ነበር። እኔ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቼ ስሙን ለማዛወር ስቀርብ ነው ጉድለቱ የታየው። ነጋዴውን ፈልጌ ወረቀቱን እስካገኝ ድረስ ብዙ ተመላልሻለሁ። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ሁሉ፣ ወረቀቱ እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡን አትክፈሉ፤ ሞተሩ እንደተገጠመም ቦሎ የሚታደስበትን ወር ሳትጠብቁ ለውጡን አስመዝግቡ። የቀለም ለውጥም እንዲሁ ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት።

(ሊብሬም ሆነ ቦሎ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው ከመጽሐፍ፣ ሁለተኛው ከማኅተም ጋር ይያያዛል።)

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። መኪናዬ ርካሽ ናት ብሎ መድኑን የሚያዘገይ ሰው አሳቡ ያሳዝነኛል፤ ሽፋኑ የቆመው በመኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው ነውና።

አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ሰፍሮ ቦሎው የተሰጠኝ በስድስተኛው ሳምንት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም።