588 ላይ የቆመው ሰውዬ

ዛሬ ደብሮኛል። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሙቀቱ ይሆናል። ዳላስ ግንቦት ሳይጋመስ መንደድ ጀምራለች።

ከሰዓት በኋላ ያ ልጅ ደወለ። ታውቁታላችሁ፣ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚደውለው። የሐምሌው የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር ደርሷል፣ የአንጋፋዎቹ ቡድን ሰው ጎድሎታል። "ጋሼ፣ ዘንድሮስ ተመለስ እንጂ!" አለኝ። ጋሼ! ድሮ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። ሳስበው ሙቀቱ ሳይሆን ይቺ ነገር ሳትሆን አትቀርም ያደበረችኝ። አስቤበት እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት፣ ከዚያም እውነትም ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ስለ ሳሚ ሶሳ፣ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ።

ሳቁ፣ ችግር የለውም። እኔ ግን ጡረታ የወጣ ሰው ተመለሰ ሲባል ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። 2007 ላይ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ስሠራ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ዶሚኒካን ነበር። ቤዝቦልን ያስተማረኝ እሱ ነው። ያስተማረኝ ስል እንግዲህ፣ የሱ እንግሊዝኛና የኔ እንግሊዝኛ ተደምረው አንድ ሙሉ እንግሊዝኛ አይወጣቸውም ነበር። ቤዝቦልን በእጅ ምልክት ነው የተማርኩት ማለት ይቻላል። ስለ ሳሚ ሲያወራ ግን ሁሉም ነገር ይገባኝ ነበር፣ ምክንያቱም ታሪኩ የሰፈሬ ልጅ ታሪክ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞቱ። ሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ በምትባል የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከተማ ውስጥ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠረገ፣ ብርቱካን ሸጠ። ጓንት መግዣ ስላልነበረው የወተት ካርቶን አጥልቆ ኳስ ይቀልብ ነበር። በ16 ዓመቱ የፈረመለት ቡድን ደግሞ ሌላ ሳይሆን የኛው የቴክሳስ ሬንጀርስ ነው።

ሬንጀርስ 1989 ላይ ጥቂት አጫውቶት በዚያው ዓመት ለሌላ ቡድን ሰጠው። ያኔ ከቡድኑ ባለቤቶች አንዱ ጆርጅ ቡሽ፣ ልጅየው ቡሽ፣ ነበር። ኋላ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ትልቁ ስህተትህ ምንድነው ቢሉት ሳሚ ሶሳ ሲሄድ መስማማቴ ብሎ ቀለደ። ከኢራቅ በፊት መሆኑ ነው እንግዲህ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ቺካጎ ካብስ ሄደና ሳሚ ሶሳ ሆነ። 1998 ላይ አሜሪካ በሙሉ ሥራ ፈትቶ የሱንና የሌላውን መቺ፣ የማርክ ማግዋየርን፣ ሆምረን ይቆጥር ነበር። ሆምረን ማለት ኳሷን ከሜዳው አጥር አሻግሮ መምታት ነው። ማግዋየር 70 ሆምረን፣ ሳሚ 66። በሦስት የተለያዩ ዓመታት ከ60 በላይ ሆምረን የመታ ሰው እሱ ብቻ ነው፣ 66፣ 63፣ 64። የሚያናድደው በሦስቱም ዓመታት ከሱ የበለጠ የመታ ሌላ ሰው መኖሩ ነው! በሚጫወትበት ሊግ አንደኛ የወጣው ባነሰባቸው ዓመታት ነው፣ 2000 ላይ በ50፣ 2002 ላይ በ49። እንዲህ ያለ ዕድል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። 2003 ላይ ዱላው ሜዳ ላይ ሲሰበር ውስጡ ቡሽ ተገኘ (ሰውየው ሳይሆን የጠርሙስ መክደኛው፣ ዱላውን ስለሚያቀል ክልክል ነው)፣ ለልምምድ የማደርገው ነው፣ በስህተት ይዤው ገባሁ አለ፣ ታገደ። 2004 ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሳያልቅ ስታዲየሙን ጥሎ ወጣ፣ ካብስም ሸኘው። 2005 ባልቲሞር፣ የመምታት አማካዩ 0.221፣ ማለትም ከአሥር ሙከራ ሁለት ገደማ ብቻ፣ ሆምረኑ 14 ብቻ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ስለ አበረታች መድኃኒት ተጠየቀ፣ አልወሰድኩም አለ። ኒውዮርክ ታይምስ 2009 ላይ በ2003 ምርመራ ከተገኘባቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። እሱን ለማውገዝ ከኔ የተሻሉ ሰዎች ሞልተዋል።

ልቤን የሚይዘው 2006 ነው።

2005 ሲያልቅ 588 ሆምረን ነበረው። ለ600 የሚቀሩት አሥራ ሁለት። እሱ በደህና ዘመኑ በአንድ ወር 20 የመታ ሰው ነው። ዋሽንግተን ናሽናልስ ና አሉት፣ ግን በዝቅተኛው ሊግ ውል፣ ያውም ቡድኑ ውስጥ ለመግባቱ ምንም ዋስትና ሳይሰጡት፣ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር። ከዚያ በፊት በዓመት ከ15 ሚሊዮን በላይ ይከፈለው ነበር። እምቢ አለ። ቤቱ ገባ። ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም።

ከዚያ ጥር 2007 ላይ ሬንጀርስ መጣ። ውሉ? ያው ነው! ያው ዝቅተኛ ሊግ፣ ያው 500,000 ዶላር። ጥሩ ከሠራ የሚጨመርለት ጉርሻ ነበረው፣ ግን መጀመሪያ አሪዞና ልምምድ ላይ ከልጆች ጋር ተወዳድሮ ማለፍ አለበት። በ38 ዓመቱ። አንድ ዓመት ቀድሞ ክብሬን ይነካል ብሎ የተወውን ወረቀት ፈረመ። ማግኘትና ማጣት ሁሉ ከተጀመረበት፣ በልጅነቱ ካሰናበተው ቡድን ጋር።

አለፈ ደግሞ። ልምምዱን አለፈና ቡድኑ ውስጥ ገባ። ብዙውን ጊዜ ሥራው መምታት ብቻ ነበር፣ ሜዳ ላይ ወጥቶ ኳስ ማሯሯጥ ለወጣቶቹ ተትቶለታል። ሚያዝያ ላይ በ45ኛው የተለያየ ስታዲየም ሆምረን መታ፣ ይሄ ራሱ ሪከርድ ነበር።

ጁን 20 ማታ ፓርኪንግ ቤቷ ውስጥ ሬዲዮ ከፍተናል። ሬንጀርስ በሜዳቸው አርሊንግተን ላይ የሚጫወቱት ከማን ጋር ነው? ከካብስ ጋር! ከገዛ ቤቱ! ኳስ የሚወረውርለት ጄሰን ማርኪ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር 21። 21 የሳሚ ቁጥር ነበር፣ እሱ ከሄደ በኋላ ካብስ ለሌላ ሰው ሰጡት። እንግዲህ ያንን ቁጥር የለበሰ ሰው ወረወረ፣ ሳሚ መታ፣ ኳሷ አጥሩን ተሻገረች። 600። ከሱ በፊት እዚያ የደረሱት ሩት፣ ሜይስ፣ አሮንና ቦንድስ ብቻ ናቸው። በሠላሳዎቹም የሜጀር ሊግ፣ የትልቁ ሊግ፣ ቡድኖች ላይ ሆምረን መትቶ ጨረሰ፣ የቀሩት ካብስ ብቻ ነበሩና። ደራሲ ቢጽፈው አበዛኸው ይሉት ነበር። ዶሚኒካኑ ቲኬቱን ወርውሮ ከቤቷ ወጣና ሳሚ ሲመታ ወደ ጎን የሚዘላትን ዝላይ መኪኖቹ መሀል ዘለላት። አንዲት ሴትዮ ክላክስ ስትነፋ እሱ በስፓኒሽ ያብራራላታል። ሴትየዋ ቁልፏን ነበር የምትፈልገው።

ሰው ሁሉ ያኔ የተመለሰው ለ600 ነው ይል ነበር። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ግን እዩት እስቲ። 600ን ያገኘው ጁን ላይ ነው። ለዚያ ብቻ ቢሆን በማግስቱ እጁን አውለብልቦ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። በዚያ የቴክሳስ ሐምሌና ነሐሴ ቆየ፣ ሌላ ዘጠኝ ጨመረ፣ 609 ላይ ዓመቱ አለቀ። 21 ሆምረን፣ 92 አርቢአይ፣ ማለትም በሱ ምት ለቡድኑ የገቡ ነጥቦች። ዓመት ሙሉ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። በጣም ጥሩ ነው እንጂ!

ከዚያስ? ከዚያ ምንም። 2008ን ያለ ቡድን አሳለፈ፣ 2009 ላይ ማቆም እንዳሰበ ተናገረ፣ በቃ። ሜጀር ሊግ ላይ ሁለተኛ አልታየም። ስለ ሶሳ ሲወራ 1998 ይወራል፣ ቡሹ ይወራል፣ መድኃኒቱ ይወራል። 2007ን የሚያነሳ የለም። በ2024 መጨረሻ ይቅርታ የሚመስል መግለጫ አወጣ፣ ካብስም ከሃያ ዓመት ኩርፊያ በኋላ ጠሩት፣ ሕዝቡም ቆሞ አጨበጨበለት። ያጨበጨቡት ለካብሱ ሳሚ ነው። የኛን ሳሚ፣ የአሪዞናውን፣ ከልጆች ጋር የተፈተነውን፣ ማን ያስታውሰዋል?

እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በ2006 ማታ ማታ ምን ይሠራ ነበር? ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ነበር። ጨዋታ በቴሌቪዥን ያይ ነበር ወይስ አስጠልቶት ይተኛ ነበር? ጓሮ ወጥቶ ዱላ ያወዛውዝ ነበር? 588 የሚለውን ቁጥር ልጆቹ ፊት አንስቶት ያውቃል? የየካቲት እምቢታ የጥር እሺታ የሆነው በየትኛው ቀን ነው፣ ጠዋት ነው ማታ? ካሜራ በሞላበት ሀገር ማንም ያልቀረጸው ዓመት ቢኖር ይሄ ነው። ለኔ ደግሞ ከ1998 የሚበልጠው እሱ ነው። ዶሚኒካኑን ብጠይቀው ጥሩ ነበር፣ ግን ወደ ኒው ጀርሲ ከሄደ ቆይቷል፣ ቢኖርም በእጅ ምልክት እንዴት ይነግረኛል።

ባለቤቴ አሁን አልፋ "ስለማን ነው ይሄን ሁሉ የምትጽፈው?" አለችኝ። ስነግራት ዝም ብላ አየችኝና ሄደች። እውነቷን ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ቤዝቦል አያለሁ፣ ኢንፊልድ ፍላይ የሚሉት ሕግ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዳኛው ጣቱን ወደ ሰማይ ሲቀስር እኔም እንደገባው ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ። ሳሚ ሶሳ ያገኘው ጠበቃ እንግዲህ እኔ ነኝ።