የ59 ዶላር ድንች

የመዝናኛ መርከቡ ከሜሪላንዷ ባልቲሞር ሲነሳ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ሰገነቱ ላይ ቆማለች። ወደ ቤርሙዳ ደሴት የምንሄደው አራት ነን፤ እሷና እኔ አንድ ካቢን፣ ታላቅ ወንድሜና ሚስቱ ቀጥሎ ያለው። አምስት ሌሊት ነው። ቀኑን የቆረጠው ወንድሜ ነው፤ ፈቃድ ያገኘው በነሐሴ፣ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ። «እዚያ ሰው የሚሄደው ለመብላት ነው አሉ፤ እኔ ምን ልሠራ ነው?» ብላ አንድ ሳምንት ተከራክራዋለች። በመጨረሻ ውዳሴ ማርያሟንና በትንሽ ብልቃጥ ሚጥሚጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሳች።

የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ የነበረበት ቦታ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ መርከቡ መደገፊያ ብረት ተጠጋ። 2024 ማርች 26 ሌሊት የጭነት መርከብ ገጭቶ የጣለው፣ ስድስት ሠራተኞች የሞቱበት ነው። እማዬ አማተበች። ወንድሜ ሦስት ባለ ጃንጥላ ብርጭቆ በሰሃን ይዞ መጣ፤ ለእሷ የሎሚ ጭማቂ። «በእኔ ነው» አለ። ይህቺን ቃል አምስት ቀን ሙሉ ሰማናት።

ትኬቱ የወደብ ክፍያውንና ቀረጡን ሳይጨምር በሰው 650 ዶላር ነበር። አልጋውም ምግቡም በውስጡ ነው ሲለን አልዋሸም። ግን መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚሠራው ካዚኖ ላይ ካልሆነ በቀር እምብዛም ነው። ስትገቡ የባንክ ካርዳችሁን ይመዘግቡና አንዲት ፕላስቲክ ካርድ ይሰጧችኋል። የክፍሉ ቁልፍ እሷ ናት፣ መውጫ መግቢያው እሷ ናት፣ ቡና ቤቱም እሷን ያያል። ዴቢት ካርድ ያስመዘገበ ሰው ደግሞ ገና ምንም ሳይጠጣ ከሒሳቡ ላይ መያዣ ተብሎ ገንዘብ ይታገድበታል፤ ከወረደ በኋላም እስኪለቀቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። እኔ ክሬዲት ካርድ የሰጠሁት ይህን ቀድሜ ስለሰማሁ ነው።

ገና በር ላይ አንድ ፈገግተኛ ልጅ የመጠጥ ጥቅል ሊሸጥልኝ ያዘኝ። በቀን 80 ዶላር፣ አልኮልም ለስላሳም ማኪያቶም የፈለግሽውን። መጥፎ አይደለም ብዬ ካርዴን ላወጣ ስል፣ አንድ ካቢን ውስጥ ካሉ አዋቂዎች አንዱ ከገዛ ሌላውም መግዛት አለበት አለኝ። አንዱ ገዝቶ ለሌላው እንዳያጠጣ ነው ነገሩ። ዞር ብዬ እማዬን አየኋት፤ ከደረጃው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች። በስልኬ ደመርኩት። በ80ው ላይ 18 በመቶ የአገልግሎት ሲጨመር 94 ዶላር ከ40 ሳንቲም። በአምስት ቀን 472። ለሁለታችን 944 ዶላር፤ ከአንድ ሰው ትኬት ይበልጣል፣ ያውም ግማሹ ለጾመኛ እናቴ ቢራ። ኮክቴል አንዱ 14 ዶላር፣ ከነ18 በመቶው 16 ዶላር ከ52 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ጥቅሉ የሚያዋጣው በቀን ስድስት ለሚጠጣ ሰው ነው፤ ወደብ ላይ የምንውልባቸውንም ቀናት ጨምሮ፣ በየቀኑ ስድስት። አመስግኜ አለፍኩ።

ውሃ፣ ሻይ፣ ተራ ቡና፣ አይስድ ቲ በነጻ ነው። ቡናው ቡና ለለመደ ሰው ስድብ ቢሆንም አለ። በማሽን ተጨምቆ የሚመጣው ማኪያቶ ግን ታች ባለው ካፌ በገንዘብ ነው። የራሳችሁን የውሃ ኮዳ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወደብ ላይ ስትወርዱ መውጫው አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው የታሸገ ውሃ ይሸጣሉ፣ ሙቀቱ ሲያገኛችሁ ዋጋውን አታዩም።

ማታ የቼሳፒክን ድልድይ ስናልፍ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ከውሃው እስከ ድልድዩ ሆድ 186 ጫማ ነው፤ በቴሌቪዥን የምናያቸው ግዙፎቹ መርከቦች ስለማያልፉበት ባልቲሞር የሚመጡት መካከለኞቹ ናቸው። በምግብ በኩል ይህ ማለት፣ ዋናው አዳራሽና ላይ ፎቅ ያለው ቡፌ አሉ፣ ሁለቱም ተከፍሎባቸዋል፤ ከዚያ ውጪ የሚከፈልባቸው ምግብ ቤቶች ሁለት ሦስት ብቻ ናቸው። ለእኔ በጎ ነው፤ ፈተናው ቀነሰ።

አዳራሹ ውስጥ የምግብ ዝርዝሩ በየማታው ይለወጣል፤ ሁለት ዋና ምግብ ብታዙም ማንም አይቆጣም። አስተናጋጃችን ህንዳዊ ወጣት ነበር። እማዬ አትክልት ብቻ እንደምትበላ ስነግረው በየማታው የሚሠራ የህንድ የአትክልት ምግብ አለ ብሎ ምስር አመጣላት። ምስሩ እንደኛው ቀይ፣ ሽታው ደስ የሚል። ማንኪያዋን ልታነሳ ስትል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ህንዶች ጊ የሚሉት የእኛው ንጥር ቅቤ ነው። ጠየቅኩት፤ ጊ አለበት። ሰሃኑ ተመለሰ፣ ዋናው አስተናጋጅ መጣ። እሱ ነው ዘዴውን ያስተማረን፦ «ቬጀቴሪያን» አትበሉ፣ እንቁላልና ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ «ቪጋን» በሉ፤ የነገውን ዝርዝር ዛሬ ማታ ላሳያችሁ፣ ምረጡ፣ ለብቻ በዘይት ይሠራል። ጭማሪ ክፍያ የለውም። በማግስቱ ምስሩ በዘይት መጣ፣ እማዬ ሚጥሚጣዋን ነሰነሰችበትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለች።

ከዚያ የሰዓት ጣጣ መጣ። ቤርሙዳ ከሜሪላንድ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ መርከቡም በሁለተኛው ሌሊት ሰዓቱን ወደፊት ገፋ። እማዬ እስከ ዘጠኝ ነው የምትጾመው። «እንግዲህ በአንድ ሰዓት ተገላገልሽ» አላት ወንድሜ። «እመቤቴን በመርከብ ሰዓት አላታልላትም» አለችና የእጅ ሰዓቷን በሜሪላንድ ተወችው። የእሷ ዘጠኝ የመርከቡ አሥር ሆነ፤ የቡፌው ምሳ ደግሞ በመርከቡ ዘጠኝ ተኩል ይነሳል። ክፍል ድረስ የሚያመጡት ምግብ ከቁርስ በቀር በክፍያ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሊነሳ ሲል ሮጬ ሩዝ፣ ዳቦና ፍራፍሬ በሰሃን እሞላና ሌላ ሰሃን ከድኜ ወደ ካቢን አወርዳለሁ። ሊፍት ውስጥ የሚያዩኝ ሰዎች የተደበቀ ሰው የምመግብ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ሦስተኛው ማታ ወንድሜ ስቴክ ቤት ካልጋበዝኩ አለ። በሰው 50 ዶላር ነው፣ ከነአገልግሎቱ 59፤ የበላም ያልበላም እኩል። «እሷን ተዋት፣ አዳራሹ ምግቧን ያውቃል» አልኩት። «እናቴን ትቼ ብቻዬን ልብላ?» አለ። እማዬም ልጇን ላለማስቀየም መጣች። የምራቴ «ዓሣ እኮ አላቸው» የሚል ሐሳብ «በፍልሰታ?» በሚል አንድ ጥያቄ ሞተ። ብራና በመሰለ ዝርዝር ላይ ያገኘንላት የተጠበሰ ድንች ነው። ድንቹ በብር በመሰለ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሆዱ ተሰንጥቆ፣ ቅቤና እርጎ የመሰለ ክሬም ተከምሮበት መጣ። መለስነው። ሁለተኛው ባዶውን መጣ። እማዬ ጨው ጠየቀች፣ ብልቃጧን አወጣች፣ ልጣጩን በጥንቃቄ ገፋ አድርጋ በላችው። ስንት ነው ብላ ወንድሜን ስትጠይቀው «ተከፍሏል» አላት።

ቤርሙዳ ሮያል ኔቫል ዶክያርድ ነው የወረድነው። የቤርሙዳ ዶላር ከአሜሪካው እኩል ስለሆነ ምንዛሪ ብሎ ነገር የለም። የመርከቡን አስጎብኚ ትተን በሕዝብ ጀልባ ሃሚልተን ሄድን። እማዬን የገረማት ባሕሩ ሳይሆን ነጫጭ ደረጃ ደረጃ ያላቸው ጣሪያዎች ናቸው፤ ዝናብ እየሰበሰቡ ቤት ሥር ወዳለ ጉድጓድ የሚያወርዱ። «ውሃ የሚያከብር አገር» አለች።

የመጨረሻው ማታ ሒሳባችንን ካቢን ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ከፈትኩት። የሁለታችን ቲፕ በቀን በሰው 18 ዶላር፣ በአምስት ቀን 180፤ ይህ ሳይጠየቅ የሚገባ ስለሆነ ከትኬቱ ጋር አብራችሁ ቁጠሩት። ከዚያ ሌላ ያለኝ ማኪያቶ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ በቀን ከ20 ዶላር በላይ ስለሆነ አልገዛሁም፣ ስልኬን አውሮፕላን ላይ እንዳለሁ ዘግቼው ሰነበትኩ።

ወንድሜ የእሱን በወረቀት አሳትሞ መጣ። 27 መጠጥ፣ 446 ዶላር። ግብዣው ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። ጣቱን ከአንድ መስመር ወደ ሌላው ሲያወርድ ቀስ ብሎ ፊቱ ተለወጠ፤ 18 በመቶው አስቀድሞ መግባቱን ሳያውቅ፣ በየደረሰኙ ሥር «ተጨማሪ ቲፕ» ከሚለው ፊት ሦስት ሦስት ዶላር ሲጽፍ ከርሟል። 81 ዶላር። «ለልጆቹ ይሁን» አለ፣ ግን ድምፁ ቀነሰ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። «ያ ሥጋ ቤት የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች። አሳየኋት። አራት ሰው፣ 236። ለአራት አካፍዪልኝ አለችኝ።

«59።»

ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «ያውም ቅቤ የሌለው» አለች።