ገብርኤል ሆይ የሚያመኝን አሳየኝ ብዬ ነበር

ሰላም ለናንተ ይሁን የእግዚአብሔር ቤተሰቦች። ይሄን የምፅፈው ስለት ስላለብኝ ነው፣ ከዳንኩ ያደረክልኝን ለሰው እናገራለሁ ብዬ ቁልቢ ላይ ተስዬ ነበር። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሳቢያን ነው ያደግኩት፣ 29 ዓመቴ ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ሀዘን ነው ተባለ፣ ሀዘን ግን ሰው እያፅናና ቀስ በቀስ ይወጣል፣ የኔ ድንኳኑ ከተነሳ 40ውም ከወጣ በኋላ ባሰ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያለችውን ሱቄን መክፈት አቃተኝ፣ ፀጉሬን መታጠብ እንኳን አቃተኝ፣ ሌሊት ሌሊት ልቤ ድው ድው ይላል ደረቴን ይወጋኛል አሁን ሞትኩ እያልኩ እማዬን እቀሰቅሳለሁ፣ እሷ ደግሞ የገብርኤልን ስዕል ደረቴ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። በዛ በድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ ጨጓራ ነው ይላል አንዱ አይነ ጥላ ነው፣ አንድ ክሊኒክም "በዚህ እድሜሽ ምን ልብ አለ" ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙኝ። ጎረቤታችን እናት ሙስሊም ናቸው፣ በየሶላታቸው ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር፣ አላህ እድሜ ይስጥልኝ።

ሐምሌ 19 ቁልቢ ወጣን። ዳገቱን ወንድሜ ደግፎ ነው ያወጣኝ። ቂርቆስና ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ያወጣህ መልአክ ሆይ፣ ምን እንደሚያመኝ እንኳን አላውቅምና እሱን ግለጥልኝ አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም፣ አቅምም አልነበረኝም።

እንደተመለስን የንስሐ አባቴ ጠሩኝና "ልጄ ፀበሉንም ጠጪ ሐኪምም ጋ ሂጂ፣ ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም አልነበረም ወይ" አሉኝ። ሌላ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ግፊቴ 150 በ100 ሆኖ ተገኘ፣ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምት ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ የልብሽ ቫልቭ ደህና ነው ተባልኩ። በቃ ልትሸኘኝ ነው ስል ዶክተሯ ወንበሯን ወደኔ ሳብ አደረገችና "እህቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ያለሽ መቼ ነው?" አለችኝ። አሰብኩ አሰብኩ አጣሁት፣ ከዛ ለቅሶዬ መጣ፣ አባቴ ሲቀበር ያላለቀስኩትን ሁሉ እዛ አለቀስኩት፣ እሷም ወረፋው እየጠበቃት ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ድብርት ነው አለችኝ። አእምሮ ሲጨነቅ ሰውነት ሁሌ አደጋ ያለበት ይመስለዋል፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይበዛሉ፣ ልብ ይፈጥናል ግፊት ይጨምራል፣ እንዲህ ከቆየ ደም ስርም ይጎዳል፣ በዛ ላይ እንቅልፍ የለ እንቅስቃሴ የለ፣ ሌላው ደግሞ ለመርሳት ብሎ ሲጋራና ጫት ያበዛል። በፈረንጆች 2023 የወጣ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናትም ነገረችኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ18 እስከ 49 ዓመት ያሉ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ታይቶ በወር 14 ቀንና ከዛ በላይ አእምሯቸው ደህና ያልነበረ ሰዎች ላይ የልብና የደም ስር በሽታ የመገኘቱ እድል እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የቱ የቱን እንዳመጣ ጥናቱ አይለይም፣ ልቡን የታመመም ሰው ይደበራል አለችኝ። እኔ ወጣት ልቡን አያመውም ሲሉኝ ነው የኖርኩት!

እዛው ወንበር ላይ ነው ፀሎቴ መመለሱ የገባኝ። አሳየኝ ያልኩትን አሳየኝ።

መድሃኒቱ ቶሎ አልያዘኝም ሳምንታት ፈጀ፣ ምክር አገልግሎትም ጀመርኩ፣ አመሻሽ ላይ ከእማዬ ጋር ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር እንራመዳለን። አሁን እተኛለሁ፣ ግፊቴ ወርዷል፣ ሱቄ ተከፍቷል፣ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን። ፀበሌንም አልተውኩም፣ መድሃኒቱንም ዶክተሯ ሳትለኝ አላቆምም።

ለታህሳስ 19 ጃንጥላዬን ይዤ ስለቴን ላስገባ እወጣለሁ። ድሬ ያላችሁ፣ ሌሊት ልባችሁ እየመታ የምታድሩ ካላችሁና ብቻችሁን ሐኪም ጋ መሄድ ከከበዳችሁ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እማዬንም በፀሎት አስቧት፣ እሷም ግፊት አለባት።