ያልሞተው ሰውዬ

የሆንግ ኮንጉን የፖሊስና ወንበዴ ፊልም፣ ሦስተኛውን «ኢንፈርናል አፌርስ»፣ መጀመሪያ ያየሁት ከእህቴ ጋር ነው። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ሪሞቱን አንስታ አቆመችው። «ቆይ፣ ይኼ ልጅ ባለፈው ሞቶ የለም እንዴ?» አለችኝ። ሞቷል። በመጀመሪያው ፊልም ሊፍት በር ላይ ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ ሞቷል። አልቅሰንለታል እኮ። ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል? የምመልስላት ነገር አልነበረኝም። ቴሌቪዥኑን አጠፋንና ተኛን።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት «ሦስተኛው ባይሠራ ይሻል ነበር» ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ሰሞኑን ግን ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ለብቻዬ ቁጭ አልኩ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። መጨረሻውን ስለምናገር፣ ያላየው ሰው ካለ መጀመሪያ አይቶት ይመለስ።

የመጀመሪያው ፊልም ሆንግ ኮንግ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2002 ነው። ዳይሬክተሮቹ አንድሪው ላው እና አለን ማክ ናቸው። ቶኒ ልየንግ የሚጫወተው ያን ፖሊስ ነው፤ ግን ትራያድ በሚባለው የሆንግ ኮንግ የወንበዴ ቡድን ውስጥ የውስጥ አርበኛ ሆኖ ዓመታት ያሳለፈ ፖሊስ። አንዲ ላው የሚጫወተው ላው ኪን ሚንግ ደግሞ በልጅነቱ በሳም፣ በወንበዴዎቹ አለቃ፣ ተልኮ ፖሊስ ቤት የገባ ሰርጎ ገብ ነው። በመጨረሻ ያን ይሞታል። ላው በሕይወት ይተርፋል፤ መታወቂያውን ከፍ አድርጎ አሳይቶ በፖሊስነቱ ይቀጥላል። ሁለተኛው ክፍል ወደ ወጣትነታቸው ይመልሰናል። እሱም ሦስተኛውም በ2003 ነው የወጡት፤ ሳርስ የሚባለው የሳንባ ወረርሽኝ ሆንግ ኮንግን ያስጨነቀበት ዓመት። ሁለተኛው በኦክቶበር፣ ሦስተኛው በዲሴምበር። ከመጀመሪያው ጋር ሲቆጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ፊልም ማለት ነው። እንዲህ ተጣድፈው የሠሩት ነገር ተዝረክርኮ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር።

ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል «ያን ከመሞቱ በፊት»፣ በቀኝ በኩል «ከሞተ በኋላ»። ፊልሙ ሁለቱን ጊዜ እያፈራረቀ ነው የሚሄደው፤ አንዳንዴ የሚነግርህ ሳይኖር ተሻግረህ ታገኘዋለህ። እህቴን ያናደዳት ይኼ ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ ስሰርዝ ስደልዝ ቆየሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩት።

ቦታው የሐኪሟ ቢሮ ነው። ኬሊ ቼን የምትጫወታት ዶክተር ሊ የአእምሮ ሐኪም ናት። ያን በሕይወት እያለ እሷ ጋ ይመላለስ ነበር። ሕክምናው ሰበብ ነው፤ እዚያ ሶፋ ላይ ጋደም ሲል እንቅልፍ ይወስደዋል። በዓለም ላይ ተረጋግቶ የሚተኛበት ቦታ ያ ብቻ ነው። በእነዚህ ትዕይንቶች ውስጥ ያን ይቀልዳል፣ ይሽኮረመማል፣ ይዋሻል፣ ይስቃል። በመጀመሪያው ፊልም እንዲህ ሲፈታ አላየነውም። ከሞተ በኋላ ደግሞ ላው እዚያው ቢሮ ይመጣል። እሱም ይጋደማል። ካሜራው ዞር ሲል ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሟቹና የሟቹ ጠላት የነበረው ሰው፣ ሁለት ሶፋ ላይ፣ እንደ ወንድማማች።

እዚህ ጋ ነው የገባኝ። ጊዜው የተምታታው ፊልሙ ላይ ሳይሆን ላው ራስ ውስጥ ነው። ላው መሆን የሚፈልገው ሟቹን፣ ያንን ራሱን ነው። ፋይሉን ያነባል፣ ሐኪሙ ጋ ይሄዳል፣ የሌላ ሰርጎ ገብ ዱካ እየተከተለ ያድናል። የሚጠረጥረው የንግ የሚባለውን የፖሊስ ኃላፊ ነው፤ የሚጫወተው ሊዮን ላይ የተባለው ተዋናይ ነው። ላው ራሱን ጥሩ ፖሊስ አድርጎ ሲያበቃ የሚቀረው መጥፎውን መያዝ ነዋ። በመጨረሻ ማስረጃ ብሎ የያዘውን ቴፕ ይዞ ሰውዬውን ሊያስር ይገባል። ቴፑ ሲከፈት ከሳም ጋር የሚያወራው ድምፅ የራሱ የላው ነው። ራሱን በራሱ አጋለጠ። ያን ጊዜ የአንዲ ላውን ፊት እዩት። መያዙን የተረዳ ሰው ፊት አይደለም። ከእንቅልፉ አስነስተው ማን እንደሆነ የነገሩት ሰው ፊት ነው።

የንግን ተኩሶ ይገድለዋል። ቀጥሎ ሽጉጡን ወደ ራሱ ያዞራል። ግን አይሞትም።

የፊልሙ የቻይንኛ ርዕስ የመጣው ከቡድሃ እምነት ነው። አቪቺ የሚባል ሲኦል አለ፤ ከሲኦሎች ሁሉ የመጨረሻው፣ ፋታ የሌለው። የመጀመሪያው ፊልም መዝጊያ ላይ ስለዚያ ሲኦል የተጻፈ ነገር ይነበባል፤ እዚያ ከሁሉ የሚከፋው ሥቃይ ረጅም ዕድሜ ነው የሚል። ያኔ አንብቤው አልፌዋለሁ። ለዋናው ቻይና በተዘጋጀው የመጀመሪያው ፊልም ቅጂ ላይ ላው ከሊፍቱ ሲወጣ ይታሰራል። በ2006 ሆሊውድ ታሪኩን ወስዶ በሠራው «ዘ ዲፓርትድ» ደግሞ የእሱ አምሳያ ተተኩሶበት ይሞታል። ሁለቱም ሒሳቡን ያወራርዳሉ፤ ሁለቱም ግን ቶሎ ያሳርፉታል። ያንን ርዕስ እስከ ጥጉ የሄደበት ይኼ ሁሉም የናቀው ሦስተኛው ነው። ላውን አኖረው።

እንከን የለበትም አልልም። ቼን ዳኦሚንግ የሚጫወተው ሼን ከዋናው ቻይና የመጣ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሆንግ ኮንግና ቤይጂንግ ለሆንግ ኮንግ ፊልሞች የዋናውን ቻይና ገበያ የሚከፍት የንግድ ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ሼንን ሳይ የዚያ ዘመን አየር ይሸተኛል። ተዋናዩ ግን ግሩም ነው፤ ዝም ብሎ ቆሞ ክፍሉን ይሞላዋል። የንግ በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ ሲሞት አላዘንኩለትም፤ ማዘን ነበረብኝ። ጥድፊያውም አንዳንድ ቦታ ያስታውቃል።

ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ያለው ትዕይንት ግን ሁሉንም ያስረሳኛል። ላው ወንበሩ ላይ ነው፤ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ሚስቱ ልትጠይቀው ትመጣለች። ስለ ልጃቸው ትነግረዋለች፤ አባባ ማለት ጀምሯል ትለዋለች። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ካሜራው ወደ እጁ ይወርዳል። አንድ ጣቱ የወንበሩን ክንድ ይመታል፤ መታ፣ ቆም፣ መታ መታ። ሞርስ ኮድ ነው፤ ፊደላት በአጭርና በረጅም ምት የሚላኩበት። ያን ለአለቃው መልእክት ይልክበት የነበረው። የሚሰማው ሰው የለም።

እህቴን ባለፈው እሑድ ጠራኋትና ደብተሩን ከፊቷ አስቀምጬ እንደገና አብረን አየነው። በየመሀሉ «ይኼ የግራው ነው የቀኙ?» ትለኛለች። ጣቱ ጋ ስንደርስ መጠየቋን ተወች።

ፊልሙ እዚያ አያበቃም። ወደ ድምፅ መሣሪያ ሱቁ ይመልሰናል። በመጀመሪያው ፊልም ያንና ላው ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ተቀምጠው የጻይ ቺንን የድሮ ዘፈን የሰሙበት ሱቅ። ያን አለ፣ በሕይወት። ላው ደንበኛ ሆኖ ይገባል። ማንም ማንንም ገና አልበደለም። እህቴ ሪሞቱን እጇ ላይ ይዛ፣ ስሞቹ አልፈው እስኪያልቁ አልነካችውም።